ከታችኛው ረድፍ ወደ ላይኛው

ሙኒራን ያንገበገባት አንዲት ቃል ናት። ልጇ ነጃት ሃቢባን «እማዬ» እያለች ትጠራታለች፤ አምጣ የወለደቻትን ሙኒራን ግን «እማ ሙኒራ»! ልክ እንደ ጎረቤት ሴትዮ! ወላሂ፣ ይኼ የማያቃጥለው አንጀት ካለ እሱ አንጀት አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው ቦኖሻ ከተማ አጠገብ ካለው የእርሻ ማኅበራቸው ሥርዓት ነው። የከተማው ሰው «አንድ ማዕድ» ይላቸዋል፤ ግማሹ ሲያመሰግን፣ ግማሹ ሲያሽሟጥጥ። እዚያ የግል ድስት የለም፣ የግል ኪስ የለም። በርበሬውም በቆሎውም አንድ ጎተራ ይገባል፤ ደወል ሲደወል ሁሉም አንድ አዳራሽ ውስጥ ይበላል። ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላው ልጆች ቤት ይገባል፤ እዚያ ይውላል፣ እዚያ ይበላል፣ ከእናቱ ጋር የሚገናኘው ሲመሽ፣ ለመኝታ ቤቱ ሲገባ ነው። ያንን ቤት የምትይዘው ሃቢባ ናት። ሃቢባ አልወለደችም፤ ግን ልጅ ሁሉ ይወዳታል፤ ጭኗ ላይ ሁለት ሦስት ሕፃን አይጠፋም። ሙኒራ በርበሬ ስትለቅም ውላ፣ እጇን ታጥባ ልጇን ላጉርስ ስትል፣ ነጃት አፏን ትገጥማለች።

«እማዬ አጉርሳኛለች፣ ጠግቤያለሁ።»

ሙኒራ ጉርሻውን ራሷ ትጎርሰዋለች።

አንድ ጊዜ ከካናዳ የመጡ ሽማግሌ የእርሻ ባለሙያ ጎበኟቸው። «የእኔም ሰዎች እንደናንተ ናቸው» ብለው በአስተርጓሚ አወሩ። ሁተራይት ይባላሉ። መሪያቸው የነበረውን ያዕቆብ ሁተርን፣ ይኸው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ በእምነቱ የተነሳ በእሳት አቃጠሉት። የተረፉት ካገር አገር ሲባረሩ ኖሩ፤ ሩሲያ ገብተው አረሱ፣ ከዚያ አሜሪካ፣ ከዚያ ካናዳ። ንብረታቸው ግን የጋራ፣ ማዕዳቸውም አንድ ነው። መንደሩ ሲሞላባቸው ለሁለት ይከፈላሉ፤ ማን እንደሚሄድ ሰው አይመርጥም። ሁሉም ጓዙን ይጠቀልልና ጠዋት እጣ ይወጣል። የወጣለት ይሄዳል፤ ያልወጣለት ጓዙን ይፈታል።

አዳራሹ በሙሉ «አጃኢብ!» አለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጠና «ይኼ ነው ፍትሕ!» ብለው ብድግ አሉ። ሙኒራ ግን ወሬውን የሰማችው በግማሽ ጆሮ ነው፤ ዓይኗ ሃቢባ ጭን ላይ ያንቀላፋችው ነጃት ላይ ነበር።

ጊዜው ደርሶ እነሱም ሞሉ። ቢላቴ ወንዝ ዳር ሰፊ መሬት ተፈቀደላቸውና ጋሽ ጠና አዋጁን ተናገሩ። ሰፈራቸው ሁለት ረድፍ ቤት ነው፤ በእጣ ወይ ላይኛው ረድፍ ይሄዳል፣ ወይ ታችኛው። ሙኒራና ሃቢባ ሁለቱም ታችኛው ረድፍ ናቸው። እንግዲህ ብትሄድም ከሃቢባ ጋር፣ ብትቀርም ከሃቢባ ጋር! ሙኒራ እንቅልፍ አጣች።

በሦስተኛው ቀን መላ መጣላት። የባሏ የያሲን እህት ላይኛው ረድፍ ትኖራለች። ጋሽ ጠና ዘንድ ሄደች።

«ጋሽ ጠና፣ ከባሌ እህት አይለዩኝ። ዘመዴ እሷው ናት።»

«ለባል እህት ይኼን ያህል? በዚህ ዘመን?» ጋሽ ጠና እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀራቸውም። ከላይኛው ረድፍ ሳሊሃ ከምትባል ሴት ጋር ቤት አቀያየሯት፤ ይባስ ብለው በአዳራሽ መሐል አመሰገኗት። ያሲን ግን ግራ ገባው። ከእህቱ ጋር ስትነታረክ ነው የሚያውቃት።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?»

«ዝም በል፣ ጓዝህን ጠቅልል።»

በእጣው ቀን ጠዋት ሁለቱም ረድፍ ፍራሹን አስሮ ደጅ ቆመ። ጋሽ ጠና እጃቸውን ቅል ውስጥ ከተው አንዷን ወረቀት አወጡ።

«ላይኛው ረድፍ!»

ሴቶቹ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሙኒራ ብቻ ፊቷ ወገግ አለ፤ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ተገላገልኩ! ከዛሬ ጀምሮ ነጃት የምታውቀው እናት አንድ፣ የምትጎርሰው ከአንድ እጅ! ጓዟን ሊወስዳቸው በቆመው የጭነት አይሱዙ ላይ ወርውራ ልጇን ልታነሳ ወደ ልጆች ቤት ሮጠች።

ጋሽ ጠና በሩ ላይ ቆመዋል። «ወዴት ነው?»

«ነጃትን ልወስድ ነዋ።»

«ልጆቹማ አይሄዱም። እዚያ ሜዳ ነው፣ ጣራ የለም፣ ወባው ደግሞ አይጣል ነው። የልጆች ቤት ተሠርቶ አዝመራ እስኪገባ ድረስ እዚሁ ከሃቢባ ጋር ይቆያሉ። ጡት የሚጠባ ብቻ ነው የሚሄደው።»

«ማን አለ? መቼ ተባለ?»

«ትናንት ራት ላይ ተናገርኩ እኮ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ አልነበር?»

ተቀምጣ ነበር። ጋሽ ጠና ሲናገሩ ግን እሷ ሃቢባን ነበር የምታየው፤ ነጃትን እንዴት እንደምታሻሻት፣ አፏን እንዴት እንደምትጠርግላት። አንዲት ቃል ጆሮዋ አልገባም።

«እንግዲያው እኔም እቀራለሁ!»

«እጣ እኮ ነው ልጄ። ለአንቺ ካፈረስኩት ለሁሉም ላፈርስ ነው። ደግሞ ከባሌ እህት አይለዩኝ ያልሽው አንቺው አይደለሽ?»

ሙኒራ ዞር አለች። ታችኛው ረድፍ ላይ ሳሊሃ፣ በሙኒራ የቀድሞ ቤት በር ላይ፣ ፍራሿን እየፈታች ነው። ባትቀያየር ኖሮ ዛሬ ማታ ነጃት እዚያ ቤት ከጎኗ ትተኛ ነበር።

ሃቢባ ነጃትን አዝላ ወጣች። የሙኒራን ፊት ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አይዞሽ እህቴ፣ አታስቢ» አለቻት። «እንደ ወለድኳት አድርጌ ነው የምይዛት።»

«እሱን እኮ ነው የፈራሁት!» አለች ሙኒራ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ።

ጋሽ ጠና ቀና ብለው አዩዋት፤ አሁን ነገሩ ገባቸው። ያሲንም መኪናው ላይ ሆኖ አንገቱን ደፋ። ሃቢባ ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ወደ እናቷ ገፋ አደረገቻት። ነጃት ሙኒራን አንገቷን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ ከዚያ ማንም ሳይጠራት ተመልሳ የሃቢባን ቀሚስ ያዘች።

አይሱዙው ጡሩምባውን ነፋ።