ራስ ዳሸን ላይ የቀረ ጠርሙስ

፬

ሃያ እርምጃ። ዕረፍት።

አሥራ ሰባት እርምጃ። ዕረፍት።

አሥራ አንድ።

ዕረፍት።

ውድነሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታቲስቲክስ ታስተምራለች። ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ ወረቀት አላስፈለጋትም።

፩

(ከዚህ መጀመር ነበረበት። ግን ትንፋሽ ሲያጥር ማን በቅደም ተከተል ያስባል?)

የፓርኩ መግቢያ ቅጽ፣ ደባርቅ፦

ስም — ውድነሽ ተክሌ
ዕድሜ — 53
የጉዞው ዓላማ — ጉብኝት
አብሮ የሚጓዝ — የለም

«ጉብኝት» ያለችው ቦታው ጠባብ ስለነበረ ነው። ሙሉው ይኸው፦ ባሏ አጥናፉ ሳይጋቡ በፊት፣ የሃያ ስምንት ዓመት መሐንዲስ ሳለ፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ወጥቶ ለእሷ አንድ ወረቀት ጻፈ። ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ድንጋይ ከመረበት። ምን እንደጻፈ በትዳራቸው ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አልነገራትም። «ወጥተሽ አንብቢው» ይላት ነበር እየሳቀ። እሷም፣ ፈተና አርሜ ልጨርስ፣ ልጅቷ ትደግ፣ ጉልበቴ ይሻለው ስትል ኖረች።

አጥናፉ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው።

፪

ያለ ስካውት፣ ያለ ፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ ተራራው አይወጣም፤ ደንብ ነው። እሷ ከአጥናፉ የሰማችውን ስካውት በስም ጠየቀች፦ ወረታ። ያኔ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ለአጥናፉ መንገድ ያሳየው እሱ ነበር። አሁን ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ጠመንጃውን እንደ ቀንበር ጫንቃው ላይ አጋድሞ መጣ።

«የአጥናፉ ባለቤት ነኝ» አለችው። የጠርሙሱንም ነገር ነገረችው።

ቀና ብሎ አላያትም። «ነፍስ ይማር። መንገዱ ግን ለእርስዎ አይሆንም፣ እትዬ።»

፫

ወረታ በሦስት ቀን ውስጥ ያቀረባቸው ምክንያቶች፦

— ጉልበትዎ።
— ብርዱ።
— የበቅሎዋ ኮቴ።
— «ሐዘን ላይ ላለ ሰው ከፍታ አይስማማም።» (ይህን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም።)
— መድኃኔ ዓለም።

የመጨረሻው እውነት ነበር። ከጫፉ በፊት ያለችው መንደር፣ አምቢቆ፣ ጠዋት፦

ውድነሽ፦ በቅሎዋ የታለች?
አለበል (ባለበቅሎው)፦ ዛሬማ አይጫንም፣ እትዬ። ሃያ ሰባት ነው።
ውድነሽ፦ የምን ሃያ ሰባት?
አለበል፦ የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ነዋ! ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?
ወረታ፦ ተዋቸው፣ በፈረንጅ ቀን ቆጥረው ነው የመጡ።
አለበል፦ ኧረ ፈረንጆቹ እንኳ ጠይቀው ነው የሚመጡት!

እውነቱን ነው። ቀኑን የቆጠረችው በአውሮፕላን ትኬቷ ነበር። ትኬቱ አንድ ትርፍ ቀን ነበረው። ያን ቀን ደጅ ተቀምጣ ከበሮ ስትሰማ ዋለች።

«ነገስ ቢቀርብዎ?» አለ ወረታ።

«አይቀርም።»

፭

እንዲህ ተራመጂ፣ አለች ለራሷ፦ በአፍንጫሽ ሳቢ። ራስ ምታቱን አታዳምጪው። ወደ ላይ አትዪ፤ ጫፍ የሚመስለው ጫፍ አይደለም፣ ከጀርባው ሌላ አለ። ከሌላውም ጀርባ። አትናደጂ፤ ንዴት አየር ይጨርሳል።

ተናደደች።

፮

ብርድ የማይፈሩት ረጃጅም ተክሎች፣ ጅባራዎቹ እንኳ፣ ወደ ኋላ ቀርተዋል። የመጨረሻው ዓለት በእግር ብቻ አይወጣም፤ በእጅ ቆንጥጦ ነው። ወረታ እጁን ዘረጋላት፤ አልያዘችውም። ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሲደግፋት የከረመች ሴት ራሷን በገዛ ጣቶቿ ሳበች።

ደስ አላት።

ደስታው ራሱ አናደዳት። አጥናፉ እያለ ይህ ጉልበት የት ነበር?

፯

ጫፍ።

ሰማይ፣ ከእግር በታች ገደል፣ የድንጋይ ክምር። ክምሩን አንድ በአንድ አነሳችው። አርባ አንድ ድንጋይ።

አንድ የተቀደደ ጓንት። የብስኩት ወረቀት።

ሌላ የለም።

፰

«የታለ?»

ወረታ ጠመንጃውን አውርዶ ዓለት ላይ አስደገፈ። «ጠርሙስ ነዋ፣ እትዬ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ያኔ እኛ አገር ደህና ጠርሙስ የት ይገኛል? ጋሽ አጥናፉን ሸኝቼ በሳምንቱ ተመልሼ ወጣሁ። እናቴ ቅባኑግ ስታኖርበት ኖረች።»

«ወረቀቱስ?»

«ክዳኑ መንገድ ላይ ጠፋኝ። ወረቀቱን ጠቅልላ ውታፍ አደረገችው።»

ቀስ ብላ፣ «ይህን እያወቁ ሦስት ቀን አስለፉኝ?»

«ተራራው ይመልስዎታል ብዬ ነበር። ስንቱ ይመለሳል። እርስዎ አልመለስ አሉ።»

፱

እዚህ ላይ ውድነሽ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ተሰርዟል።

ከዚያ ድንጋዮቹን መልሳ ትከምር ጀመር። ወረታ ሊያግዝ ጎንበስ አለ።

«አይንኩ።»

፲

ሠላሳኛው ድንጋይ ላይ ስትደርስ ወረታ ከጀርባዋ ተናገረ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናቴ ግን ወረቀቱ የጠንቋይ ክታብ እንዳይሆን ፈርታ፣ አስቀድማ ለመሪጌታ አስነበበችው። ጮክ ብለው አነበቡት። ቤት ሙሉ ሰው ሰማ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።»

እጇ ድንጋዩ ላይ ቀረ። «እርስዎስ ነበሩ?»

«ነበርኩ እንጂ።»

«ያስታውሱታል?»

«እንዴት ይረሳል! አጭር ናት። የመንደሩ ጎረምሳ ሚስት ሲያጭ እስከ ዛሬ ይላታል። አለበልም ብሏታል፤ ለሚስቱ።»

ውድነሽ ድንጋዩን አስቀመጠች። ዓለቱ ላይ ተቀመጠች። የሹራብ ቆቧን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

«እንደ ጻፈው ይንገሩኝ። እንዳይጨምሩ፤ እንዳይቀንሱ።»

ወረታ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ ለእሷ ብቻ ነገራት።

፲፩

«                                        »