እናቴ የንስሐ አባቷን ስትቀይር

ስልኩን የገዛሁላት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የኔ ነው። በ2010 ዓ.ም. እናቴ ደብረ ኤልያስ፣ ብርጓል በሚገኘው ቤቷ ቁጭ ብላ በዩቲዩብ አንድ መምህር አገኘች። ፂሙን ያበጠረ፣ ከጀርባው መጻሕፍት የደረደረ ሰው ነው። በሁለተኛው ወር የሠላሳ ዓመት የንስሐ አባቷን ቄስ ድረስን፣ ከእንግዲህ አይድከሙ፣ መምህር አግኝቻለሁ አለቻቸው። እሳቸውም እሺ ብለው፣ ጸበላቸውን ረጭተው፣ ጠላቸውን ጨርሰው ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ያስተምራል። ቄስ ድረስ በየወሩ ጸበል ከመርጨትና የጤፍ ዋጋ ከመጠየቅ በቀር ያስተማሯት ነገር ትዝ አይለኝም። እናቴ ግን አንድ ቪዲዮ ሰምታ ከጎረቤታችን ከዘሪቱ ጋር ታረቀች። በድንበር ተጣልተው ዐሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው ነበር። እኔ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ አልሆነልኝም፤ ሰውየው በዐሥር ደቂቃ ጨረሰው። ቀናሁ።

በዓመቱ ሰኔ ላይ እናቴ ታመመች። ደብረ ማርቆስ ያያት ሐኪም ወደ ቤቷ ውሰዳት አለኝ። እሷ ደግሞ ሳልናዘዝ እንዳልሞት፣ መምህሬን ጥራልኝ አለች። የት እንደሚኖር ስለማላውቅ ከቪዲዮው ሥር ጻፍኩ፤ እናቴ ልትሞት ነው፣ ልትናዘዝልዎ ትፈልጋለች፣ ስልክዎን ይላኩልኝ አልኩ። በማግስቱ መልስ መጣ። «አሜን! ሰብስክራይብ ማድረግዎን አይርሱ» ይላል። እናቴን ኔትወርክ የለም አልኳት። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ዓርብ ዕለት ቄስ ድረስ ማንም ሳይጠራቸው መስቀላቸውን ይዘው መጡ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በርጩማ ስበው ተቀመጡና ሰውየው ምን እንዳስተማራት ጠየቋት። ቆይታ ስለ ይቅርታው፣ ስለ ዘሪቱ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ይኸን እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልነገርኩሽም» አሉ።

«አባ፣ እርስዎን እኮ ትቼዎ ነበር።»

«አንቺ ብትተይኝ እኔ ወለተ ሰንበትን በየቅዳሴው መጥራት አልተውኩም። ቃሉን እሱ አስተማረሽ፤ መፍታቱን ለእኔ ተይልኝ።»

ወለተ ሰንበት የክርስትና ስሟ ነው። ልትናዘዝ ስትጀምር ወደ ደጅ ወጣሁ።

እሑድ አረፈች። ፍትሐቱን ቄስ ድረስ አደረሱ።

በዐርባዋ ማግስት ስልኳ ላይ ከመምህሩ ቻናል መልእክት ገባ። «ውድ ተከታታያችን፣ በጸሎት እንድናስብዎ የክርስትና ስምዎን ይላኩልን።» ልሰድበው መጻፍ ጀምሬ ነበር። ዘሪቱ የዐርባውን ድስት ታጥባለች፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከቤታችን አልጠፋችም። የጻፍኩትን ደመሰስኩና ወለተ ሰንበት ብዬ ላክሁለት።