አራት መቶ ኪሎ

«እናት፣ ይህ ተሳቢ ስንት ኪሎ ይችላል?»

አምና በመስቀል ሰሞን፣ ከቡታጅራ ወደ አገና በሚያሻግረው የተራራ መንገድ ላይ፣ አንድ ትራፊክ በመስኮት አጎንብሶ የሺመቤትን እንዲህ ሲል ጠየቃት። የተሳቢው ወረቀት ጉልበቷ ላይ ነበር። መሪውን የያዘው ልጇ ይታገሱ ነበር። ትንሽ ቀደም ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ የምትጎትተውን ትንሿን ቮልስ ገደል አፋፍ አድርሷት ነበር። የሺመቤት ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። መልሱ እዚያው እጇ ላይ ነው፤ እሷ ግን ፊደል አትለይም።

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቱን ከነጠላዋ ጫፍ አልፈታችውም። ቮልሷ የሟቹ ባሏ የወልደአማኑኤል ናት፤ ዕድሜዋ የይታገሱን እጥፍ ነው። ልጇ ደግሞ አንድ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። አስተማሪዋ ፀጋ «ምን ማንበብ ትፈልጋላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አንዱ መዝሙረ ዳዊት አለ፣ ሌላዋ የልጆቼን ስልክ ቁጥር አለች፤ የሺመቤት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ያንን የተጨማደደ ወረቀት አወጣች። አንብቦ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጀባት። ባዶ ክብደቱ መቶ ሃምሳ። ከነጭነቱ ከአራት መቶ ኪሎ እንዳይበልጥ። ከባዱ ዕቃ ከጎማው በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ፈቀቅ ብሎ ይጫን። ሰንሰለት ይኑረው፤ የኋላ መብራቱና ፍሬቻው ይሥራ። ሁሉንም በትልልቅ ፊደል ደብተሯ ላይ ገለበጠችው።

ዘንድሮ ለመስቀል ወደ አገር ቤት በሚጓዙበት ቀን ጠዋት ከወፍጮ ቤት ሚዛን ተውሳ ቡታጅራ ያለው ግቢያቸው መሐል አቆመች። እምድብር ያለችው እህቷ የምትጠብቀው ቆጮና የተፈለጠው የመስቀል እንጨት ተመዘነ፤ መቶ ዘጠና ኪሎ። ለእህቷ የያዘችው ቅቤ መኪናው ውስጥ እግሯ ሥር ይሆናል።

«ከተሳቢው ጋር ሦስት መቶ አርባ፤ ስልሳ ኪሎ ቀርቶናል» አለች።

«ኧረ እማዬ፣ ፈተና ላይ ነን እንዴ?» ይታገሱ ሳቀ።

ችግሩ ሰፈሩ ነበር። መኪና ወደ አገር ቤት ይሄዳል ከተባለ፣ እዚያ በቸሃ ዘመድ ያለው ሁሉ ጥቅል ይዞ ይመጣል፤ ጥቅል የሚመልስ ሰው ደግሞ የለም። የመለሰ ስሙ ለዓመታት ይነሣል።

መጀመሪያ ጎረቤቷ ባሂራ መጣች። ለእናቷ የምትልከውን ስኳር በማዳበሪያ አዝላለች።

«ባሂራ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ነው እኮ!»

«ወላሂ እትዬ የሺ፣ ስኳር ነው እንጂ ድንጋይ መሰለሽ? መንገድ ላይ ይሟሟል።»

የሺመቤት መዝግባ ተቀበለች። ሌሎች ሁለት ጥቅሎችም ገቡ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሃያ አምስት ኪሎ መዘኑ። አሥር ኪሎ ብቻ ቀረ። ያኔ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች የብረት በር ተሸክመው ያቃስታሉ። ሽማግሌው አብረው ተጓዥ ናቸው፤ አገር ቤት ላሠሩት አዲስ ቤት በሩን ለመስቀል ማድረስ አለባቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም» አለች የሺመቤት።

«ታዲያ ቤቴን ያለ በር ልመርቅ?»

«በሚዛን ሰማንያ ኪሎ ነው። ተሳቢው አይችልም።»

«አሁን ደግሞ ትራፊክ ሆንሽ? ፊሽካሽስ የታለ?» ግቢው በሳቅ ሞላ።

ይታገሱ ጆሮዋ ሥር መጥቶ «እማዬ፣ አታሳፍሪኝ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አላት።

ሰንሰለቱን ልታመጣ ቤት ገባች። ስትመለስ በሩ ተጭኗል። ያውም ከኋላ፣ ጥቅሎቹ ላይ። ከበሩ ክብደት የተነሣ የተሳቢው አፍንጫ ሽቅብ ሄዶ የቮልሷን ቂጥ ከፍ አድርጎታል። የሺመቤት ደብተሯን ገልጣ በጣቷ እየተከተለች ደመረች። አራት መቶ ሰባ። እንደገና ደመረች። ያው ነው።

«በሩ ይውረድ» አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። «ይታገሱ፣ ይህ ተሳቢ ስንት ኪሎ ይችላል?»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰው ልጅ ወረቀቱን አንድ ቀን አንብቦት አያውቅም።

«የአባቴ መኪና ናት፤ ትችላለች» አለ።

«እኔ ስለ መኪናዋ አልጠየቅሁህም!»

ቁልፉን አስገብቶ ሞተሩን አስነሣ። እሷ ወደ ኋላ ዞረች። ጎንበስ ብላ ተሳቢውን ከቮልሷ ጋር ያያያዘውን ፒን በሁለት እጇ ነቅንቃ መዘዘችው። ተሳቢው በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተንጋለለ። የብረት በሩ ተንሸራቶ አቧራ ላይ ሲያርፍ እንደ ደወል ጮኸ። ባሂራ ስኳሯን ልትይዝ ሮጠች። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ይታገሱ ወርዶ የተዘረጋውን በር አየ፣ ከዚያ እናቱን።

«አሁን ደስ አለሽ?»

«አላለኝም!» አለች። «ምን ደስ ይለኛል? ዓመቱን ሙሉ ለማንበብ የለፋሁት ለዚህ ነው? አንድ ሰው እንኳ እንዲሰማኝ ነበር!»

ፒኑን ጉያዋ ከተተችው። ይታገሱ ሊቀማት አልደፈረም። ጭነቱን ቀንሰን እንደገና እንጫን ብትለውም አኩርፎ ጀርባውን ሰጣት። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሳይረፍድብን ተሳቢው ቀርቶ መኪናዋ ባዶዋንም ብትሆን እንሂድ አሉ። ከፊት፣ ለእሷ ተትቶ በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከኋላ ቦታ ነበራት፤ ግን የሰው አደራ ግቢ ላይ ተበትኖ የት ትሄዳለች? ተሳቢውን የፈታችው እሷ ናት። ቅቤውን በመስኮት ለይታገሱ አቀበለችው።

«ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። ፍሬን ላይ ብቻ እንዳትቆም።»

ይታገሱ መስኮቱን ዘጋ፤ ግን ከግቢው ሲወጣ ፍሬቻውን አበራ።

ለዘንድሮ መስቀል ይታገሱና ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ እምድብር ሄዱ። የሺመቤት፣ ተሳቢውና የብረት በሩ ቡታጅራ ቀሩ።