ያልገባው ድምፅ

ሽቦ የሟቹን ኮምፒውተር ሲከፍት ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን ቀነሱ። ሽቦ የሟቹ የልብ ጓደኛ ነው፤ ቅጽል ስሙ ከቅጥነቱም ከኤሌክትሪክ ሥራውም የመጣ ነው። በሦስተኛው ቀን ያስጠሩት እናትየዋ ናቸው። የልጃቸውን ድምፅ መስማት ፈለጉ።

እህትየዋ ከጀርባው ቆማለች።

ሟቹ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሙያውን በኢንተርኔት በቀጥታ ያስተምራል። ዓምና አባታቸው ሲሞቱ ከቀብር በኋላ ስለደረሰ እህቱ፣ ሁለተኛ አላናግርህም አለችው። አላናገረችውም። ባለፈው እሁድ አስተምሮ ሰኞ ጠዋት መኪና ገጨው።

ሽቦ ወደ እሷ ዞረ። «ያን እሁድ፣ ‹ዛሬ በትምህርቱ ላይ እህቴን በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ› ብሎኝ ነበር» አላት።

የእሁዱ ትምህርት ቅጂ ጀመረ። ሙዚቃ ይሰማል፤ የሟቹ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ሽቦ የማሰራጫ ፕሮግራሙን ገልጦ ጉዱን አገኘው። ሟቹ አዲስ ማይክሮፎን ሰክቷል፤ ፕሮግራሙ ግን የተነቀለውን አሮጌውን ነበር የሚጠብቀው። የኮምፒውተሩ ሙዚቃ ገባ፣ የሰውየው ድምፅ ቀረ። ምናልባት ለብቻው ተቀድቶ እንደሆነ ብሎ የማይክሮፎኑን መስመር ለይቶ ከፈተ። ጭጭ።

እናትየዋ አይጠገንም ወይ ብለው ጠየቁ።

«ያልገባ ድምፅ አይወጣም፣ እናቴ።»

ከዚያ ሽቦ ለራሱ አጉረመረመ። ከሚያዩት አንዱ እንኳ «አትሰማም» ብሎ ቢጽፍለት በደቂቃ ያስተካክለው ነበር።

እህትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ያን እሁድ ስልኳን ከስፌት መኪናዋ አስደግፋ፣ ስሟን ደብቃ ታየው ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ስታየው ከርማለች። ድምፅ እንደሌለው አውቃለች። «ድምፅህ» ብላ ጻፈች፤ ቃሏ ትዝ ሲላት ሳትልከው አጠፋችው። ሌላ ሰው ይንገረው ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሌሎቹ ሙዚቃ ከፍቶ የሚሠራ መስሏቸው ይሆናል።

«እኔ እያየሁት ነበር» አለች። «አለመሰማቱን አውቄያለሁ።»

ሽቦ አቀረቀረ። ከለቀስተኞቹ አንዷ ሳል ጀመራት፣ ዋጠችው። እናትየዋ ዓይናቸውን ከልጃቸው ከንፈር ላይ ሳይነቅሉ፣ «ድምፁን ጨምሪልኝ» አሏት።

የሚጨመር ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ሙዚቃውን ዘግታ የባዶውን መስመር ድምፅ እስከ ጥጉ ከፈተችው። እናትየዋ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ።