ቅድሚያ ያልተሰጠው ካሴት

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዕድሜውን የሰው ማሽን ሲያፋጥን ነው የኖረው። እናቱ ግን፣ ሟች አባቱ ከሩቅ የሥራ ቦታ ድምፁን ቀድቶ የላከላትን አሮጌ ካሴት "እስቲ ጩኸቱን አጥራልኝ" ብላ ስትሰጠው፣ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠና የማጥራቱን ሥራ ከጀርባ እንዲሠራ በዝቅተኛ ቅድሚያ አስቀመጠው።

"ደረሰልኝ ወይ?" ትለዋለች በየሳምንቱ።

"እየሠራ ነው እማዬ፣ አትነዝንዢኝ።"

መነዝነዙን ተወች። ሁለት ወር ሳይሞላ ታመመች፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ከቀብሯ በኋላ ማሽኑን ሲከፍት ሥራው ገና ሰባ አንድ በመቶ ላይ ነበር። በሸቀ። ሙቀቱን ለካ፣ ደህና ነው። አቧራ ፈለገ፣ የለም። የማሽኑ አእምሮ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ከዝቅተኛ ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም። ሴቲንጉን ሲበረብር አንዲት መስመር አገኘ፦ ዝቅተኛ ቅድሚያ ላለው ሥራ ፍጥነት አትጨምር። የማራገቢያው ድምፅ እንዳይረብሸው ብሎ አምና የጻፋት ራሱ ነው። ከስንት ደንበኛ ማሽን ላይ ያነሳትን መስመር በገዛ ቤቱ ረስቷታል።

አጠፋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ማራገቢያው ያን ጊዜ ጮኸ። ሁለት ወር የተጎተተው ሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

ድምፁን ከፈተው። አባቱ አጠገቡ የተቀመጠ ይመስል ጥርት ብሎ ተሰማ።

"አንቺ፣ ይሰማሻል?" አለና፣ መልሷን እንደሚጠብቅ ሰው ዝም አለ።