ያልወለደቻት እናት

«የልጅ ልጅ ሳትስም ሄደች እህቴ! ይች መካን ዘሯን አቋረጠችባት!» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ፣ ባንቺዓለም የንፍሮ ሰፌድ ይዛ በአጠገባቸው ስታልፍ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ለይስሙላ ነው።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እትዬ ጥሩአየሁ ከሞጣ ቢቸና ድረስ የመጡት ለታላቅ እህታቸው ለእማማ ዘርፈሽ ሊያለቅሱ ነው፤ መዝለፍ የያዙት ግን የሟችን ምራት ባንቺዓለምን ነው። በድንኳኑ ውስጥ ካሉት ሴቶች አንዷ እንኳ «ወንዱስ?» አላለችም። በእኛ አገር ልጅ አልወለድ ሲል ጠበል የምትገባው ሴቷ ብቻ ናት፤ ባል ጋቢውን ተከናንቦ ውጭ ይጠብቃል። ጥፋቱ የጠበሉ አይደለም፤ ግማሹን ሰው ብቻ የምንወስደው የእኛ ነው!

ባንቺዓለም አምስት ዓመት እንዲህ ተመላለሰች። ከዚያ፣ ከለቅሶው አራት ዓመት በፊት፣ አንድ ማለዳ እማማ ዘርፈሽ ልጃቸውን፣ የባንቺዓለምን ባል ምንይሉን፣ ቀሰቀሱት።

«ተነስ፣ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«እኔ ምን ሆንኩ? ወንድ አይደለሁ እንዴ?»

«የተኮላሸ ሰንጋም ጉልበት አለው። ተነስ!»

ሐኪሙ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ መረመረው። ሁለቴም በማይክሮስኮፑ ሥር አንድም የወንድ ዘር አልታየም። «ፈሳሹ አለ፤ ዘሩ ግን የለበትም» አለ። «አንዳንድ ሰው መተላለፊያው ተዘግቶበት ነው። ያንተ ግን የዘር ፍሬው ራሱ ተጎድቷል። በልጅነትህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ነበር?»

እማማ ዘርፈሽ አስታወሱ፤ በአሥራ አምስት ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ አብጦ ሰንብቶ ነበር።

ቤት ሲገቡ አማት የምራታቸውን ጉልበት ሳሙ። «በዚያ ብርድ ያስጠመቅሁሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አሉ። ልጃቸውንም «ለሰው መንገሩ ያንተ ዕዳ ነው» አሉት። አራት ዓመት ዝም አለ። ባንቺዓለምም ክብሩን ጠብቃ ስድቡን ተሸከመች።

አሁን ግን፣ በለቅሶው ድንኳን፣ ምንይሉ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እትዬ ጥሩአየሁ፣ ይበቃዎታል። መካኑ እኔ ነኝ።»

«አፈር በበላሁ! ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርህ!»

«ሐዘን አይደለም፤ ሐኪም ነው። እማዬም ታውቅ ነበር። ይችን ሴት ያሰደብኋት እኔ ነኝ።»

እትዬ ጥሩአየሁ አንገታቸውን ደፉ።

ባንቺዓለም ሦስት ቀን ሙሉ ስታስተናግድ እንጂ ከሐዘንተኞቹ ጋር ስትቀመጥ ማንም አላያትም። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና ባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

«እናቴ! ያልወለድሽኝ እናቴ!» ብላ አለቀሰች።

ምንይሉ እንባውን የሚጠርግበት አጥቶ ኪሱን ሲዳብስ፣ የነጠላዋን ጫፍ አስጨበጠችው።