በዛብህ ወረፋ ይዟል

ባሌን በዛብህን መላከ ሞት ቢቀጥረው እንኳ ቀድሞ ሄዶ በር ላይ ይጠብቀዋል። መልአኩ ሲደርስም "ከኔ በፊት ማንም የለም፣ አረጋግጫለሁ" ይለዋል። ከዚህ ሰው ጋር ስኖር አንድም ቀን የተከፈተ በር ላይ ደርሰን አናውቅም።

ሀኪም ቤት ቀጠሮ ካለን ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ነው የምንገባው። ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ቁልፉን ይዘው ሲመጡ ደጅ ላይ ያገኙናል፤ "ደግሞ መጣችሁ?" ይላሉ፤ ምርቃት አይመስልም። እዚሁ ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈራችን ያለው ባለ ዳቦ ቤት የብረት መዝጊያውን ከፍ ሲያደርግ መጀመሪያ የሚያየው የበዛብህን ጫማ ነው። አንድ ቀን ብግን ብዬ "ዳቦ እኮ እግር የለውም! የት ይሄድብሃል? ለምን ትንሽ አትተኛም?" ብለው "አንቺ ምን ታደርጊ፣ የሰልፍን ነገር አታውቂው" አለኝ። እኔን! እኔን ሰመረትን! ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ ስንቴ እግሬ አብጦ ጫማዬን በእጄ ይዤ የተመለስኩትን ሴትዮ!

አመሉ የያዘውም እዚያው የመኖሪያ ወረቀት በር ላይ ነው። ልጃችን ሲኒት ገና ጡት ሳትጥል፣ ሦስታችንም በጨለማ ተነስተን እንቆም ነበር። አንድ ቀን በዝናብ ልጅቷን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ እንዳቀፋት፣ ተራችን ሊደርስ ትንሽ ሲቀር ሰዓት አለቀና መስኮቱ ተዘጋ። በዛብህ አልተሳደበም፣ አላለቀሰም። "ይቺ ልጅ ስታድግ ሰልፍ አትቆምም! እመቤቴን!" ብሎ ማለ። ስለት ቢሆን ኖሮ ጧፍ አብርተን በተገላገልን። እሱ ግን ይሄን መሐላ ይኸው እስከዛሬ ተሸክሞት ይዞራል፤ እኛንም ያሸክመናል።

አሁን ሲኒት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስሟ የእናቴ፣ ግንባሯ የበዛብህ፣ ምላሷ ደግሞ የኔ ነው። ዘንድሮ አዲስ ትምህርት ቤት ገባች፤ የምታውቀው ሰው የለም። ብርዱን ሙሉ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ስትቀመጥ እንደከረመች አስተማሪዋ ናት የነገረችኝ፤ እሷማ ብትሞት አትነግረኝም። ታዲያ በግንቦት ጂኔቭራ የምትባል የክፍሏ ልጅ ለልደቷ ጠራቻት። እሁድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ከሮም ወጣ ብሎ ባለው መጫወቻ ፓርክ፣ በር ላይ እንገናኝ ተባለ። ልጄ ያችን መልእክት ስልኳ ላይ ደጋግማ ስታነባት አየኋት። ማታ ሳህን እያጠብን "ማማ፣ እሁድ ከነሱ ጋር ካልተግባባሁ ሁለተኛ አይጠሩኝም" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

በዛብህ ሲሰማ ምን አደረገ? ስልኩን አውጥቶ የፓርኩን ሰልፍ ፈለገ። ያ ሰው ጭኖ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረው ትልቁ ባቡር እሁድ እሁድ ሁለት ሰዓት ያስቆማል ይላል።

"ሁለት ሰዓት!" አለ፣ በእናቱ እንደተሰደበ ሰው። "ለወረቀት አይደለም፣ ለዳቦ አይደለም፣ አንጀት ለሚያገላብጥ ባቡር! ያውም ከፍለን!"

እዚህ ላይ አልዋሽም፣ ከሱ ጋር ነበርኩ። ሰልፍ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ናቸው ገዝተው የሚሰለፉት። ቢቸግራቸው ነው እንዳልል ምን ቸገራቸው? ጥጋብ ነው እንጂ!

ግን ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሶን የጓደኛውን የተኽላይን ፓንዳ መኪና አስነስቶ ሲጠብቀን አንድነታችን አለቀ። ሲኒት ከኋላ ወንበር ሆና "ባባ፣ አምስት ሰዓት እኮ ነው የተባለው" አለችው።

"ቫ ቤኔ፣ ይሁን፤ እነሱ አምስት ሰዓት ይመጣሉ። አንቺ ግን ከፊት ነሽ።"

ስንደርስ ፀሐይ ገና ብቅ እያለች ነበር። ያን የሚያህል የመኪና ማቆሚያ ላይ ከአንዲት ድመት በቀር ነፍስ ያለው ነገር የለም። የኔ ጌታ ፊቱ በራ። በሩ ድረስ ሄዶ ብረቱን በጣቱ ነካና "አንደኛ ነን" አለ። ከማን ጋር ተወዳድረን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ከድመቷ።

ይኸ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አሎራ፣ እንግዲህ፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ አይቆምም። ድንጋይህን ወይ ዘንቢልህን በተራህ ታስቀምጥና ወደ ጉዳይህ ትሄዳለህ። ድንጋዩ አንተ ነው፤ ማንም አይነካውም። በዛብህ ይህን ሕግ ጣልያን ያጸደቀለት ይመስል ከመኪናው ዕቃ እያወጣ ከኋላችን ለሚመጡት ልጆች ይደረድር ጀመር። ለአንዷ ልጅ ጃንጥላ፣ ለአንዷ የውሃ ጠርሙስ፣ ለአንዷ የኔን ሻርፕ ከአንገቴ ፈትቶ። ለጂኔቭራ ደግሞ አበባው መደብ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ መረጠ። ያነሳል፣ ይጥላል፤ ያነሳል፣ ይጥላል።

"ምን ትመርጣለህ? ጥሎሽ ነው?" አልኩት።

"ባለ ልደቷ አይደለች? ደህና ድንጋይ ይሁንላት እንጂ!"

ሲኒት አንዴ ዕቃዎቹን፣ አንዴ አባቷን አየችና መኪናው ውስጥ ገብታ ተኛች። ተኛች ልበል እንጂ ከመስኮቱ በታች ተደበቀች።

እየረፈደ ሰው መጣ። ባለ ቁምጣዎቹ፣ ባለ ጋሪዎቹ፣ ልጆቻቸውን አይስክሬም በጠዋት የሚያበሉት ሁሉ መጡ። አንዱ ሸበቶ ሰውዬ የልጁን ጋሪ ሲገፋ ያንን ድንጋይ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። በዛብህ ዘሎ ያዘው። "ስኩዚ! ይቺ ልጅ ናት!"

"የት አለች?" አለ ሰውዬው ዙሪያውን እያየ።

"ይቺው!" በዛብህ ድንጋዩን አሳየው።

ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። እኔ ደግሞ በሁለቱም ተናደድኩ፤ በሳቂዎቹም፣ ባስሳቀውም። ዘበኛው መጥቶ "ሲኞሬ፣ ዕቃ አይሰለፍም፣ አንሳ" አለው። በዛብህ አንድ በአንድ ለቀመ። ድንጋዩን ግን አልጣለውም፤ ኮት ኪሱ ከተተው። ኪሱ እስከ ጉልበቱ ወረደ።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ያ ጉልበቴን ያመኛል የሚል ሰው ሮጠ። እኔና ሲኒት ከኋላ እያለከለክን ደረስን። እውነትም ትልቁ ባቡር ባዶ ነበር። "ግቢ! ግቢ!" ይላታል።

"ያለ እነሱ አልወጣም" አለች ሲኒት። "ከነሱ ጋር ነው የመጣሁት።"

ይቆጣታል ብዬ ነበር። እሱ ግን ትንሽ አሰበና "ልክ ነሽ። እስኪመጡ ወረፋ ይዤላችሁ እቆያለሁ" አለ። ከዚያም ከባቡሩ መሳፈሪያ አጠገብ፣ ሰልፉ ግንባር ላይ ሆኖ የመጣውን ሁሉ ማሳለፍ ጀመረ። "ፕሬጎ፣ ፕሬጎ" ይላል በእጁ እየጋበዘ። ሰው እየተገረመ ያልፋል። ባቡሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል፤ በዛብህ አለ። ላለመሳፈር የሚሰለፍ ሰው በዓለም ላይ ካለ የኔ ባል ነው። አጠገቡ ቆሜ እንደማላውቀው ሆኜ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ልጄን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ጂኔቭራና ሌሎቹ ልጆች እየጮሁ መጥተው አቀፏት። የጂኔቭራ እናት ሁለት ጉንጬን ሳመችኝና "ልጅሽ እንዴት ጨዋ ናት!" አለችኝ፤ ድመት ያመሰገነች ይመስል። ልጆቹ ወዲያው ወደ ትልቁ ባቡር በረሩ።

እኔ ቀስ ብዬ ስደርስ ሰልፉ እንደ አንጀት ተጠማዝዞ ከዛፎቹ አልፎ ነበር። ሰሌዳው "ሁለት ሰዓት" ይላል። ሊያለቅሱ ነው አልኩ። ልጆቹ ሰሌዳውን አይተው በደስታ ዘለሉ! አንዷ ከቦርሳዋ የመጫወቻ ካርታ አወጣች፣ አንዷ ፓኒኖ ሳንድዊች፣ አንዷ የጥፍር ቀለም። "ዛሬ ሁሉንም ነገር ትነግሪናለሽ" አለቻት ጂኔቭራ ለሲኒት፣ ክንዷን ክንዷ ውስጥ አስገብታ። ሄደው ጭራው ላይ ቆሙ። ልጄ ሹሩባዋን አንዷ ፈትታ ስትሠራላት ዝም አለች። እኔ ስነካት የምትጮኸው ልጅ!

በዛብህ ከሩቅ አይቷቸዋል። "ጥሪያት እንጂ! ምን ታያለሽ? ቦታ ይዣለሁ በያት!" ብሎ ላከኝ። እያጉረመረምኩ ሄድኩ። በጭማቂ መሸጫው ጀርባ ዞሬ ልደርስባቸው ትንሽ ሲቀር ድምፃቸውን ሰማሁ። እነሱ አላዩኝም። ከሰው ራስ በላይ የበዛብህ ጃንጥላ ይታያል፤ እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል።

"ያ ሰውዬ ለኛ ነው የሚያውለበልበው?" አለች አንዷ።

ሲኒት ቀና ብላ አየች። በደንብ አየችው። ካርታዋን ደግሞ አየች።

"አላውቀውም" አለች በጣልያንኛ። "እዚህ የሚሠራ መሰለኝ።"

 ጨዋታው ቀጠለ። እኔ ከመሸጫው ጀርባ ቀረሁ። ወጥቼ በጥፊ ባጠናግራት ደስ ባለኝ። ግን ብርዱን ሙሉ ብቻዋን የተቀመጠችውን ልጅ ከዚያ ሰልፍ በፀጉሯ ጎትቼ ላውጣት? ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ።  ያዘንኩት ለበዛብህ ነው፤ ማን ያምነኛል?

"ለምን አልመጣችም?" አለኝ ገና ሳልደርስ። ፊቱ በላብ ወዝቷል። ጃንጥላው አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። "ምን አለችሽ?"

ለዚህ ሰው አንድም ነገር አሳምሬ ነግሬው አላውቅም። ሾርባው ቢጎረና እዚያው ገበታ ላይ፣ ሸሚዙ ቢያስጠላ በፊቱ ነው የምነግረው።

"'ባባን አመስግኚልኝ፤ ግን ከጓደኞቼ ጋር ልቁም' አለችህ።"

"አመሰገነችኝ?"

"አመሰገነችህ አልኩህ እኮ! ስንቴ ልንገርህ?"

ጃንጥላውን ቀስ ብሎ አጠፈው። ባቡሩ ላይ የሚያሳፍረው ጎረምሳ ትዕግስቱ አልቆ "ሲኞሬ፣ ትሳፈራለህ ወይስ ትወጣለህ?" አለው። በዛብህ እኔን አየ፣ ከኋላ ያለውን ሰው አየ። ይህን ሁሉ ቆሞ የያዘውን ወረፋ ጥሎ ሊወጣ? በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም። "ሁለት ነን" አለ።

"አብደሃል? እኔ አልሳፈርም!" እያልኩ ተሳፈርኩ።

ጎረምሳው ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ አለ። በዛብህ ድንጋዩን አውጥቶ መሳፈሪያው ጠርዝ ላይ፣ እሱ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው። ጎረምሳው ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ። "ተወው" አልኩት። ብረቱ ትከሻችንን ጥርቅ አድርጎ ያዘንና ባቡሩ እየተንቋቋ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ።

ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ቆም አለ። ሰልፉ በሙሉ ከታች ይታያል። በዛብህ አንገቱን አስግጎ ፈለጋት።

"ይቻትና። ትስቃለች?"

"ትስቃለች።"

"በግድ ያቆማት ሰው የለም እኮ" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "ወዳ ነው የቆመችው።" ደግሞም "ፀሐዩ ግን ላያቸው ላይ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብለን መጥተን ከዛፉ ሥር፣ ጥላው ጋ ቦታ እንያዝላቸው" አለኝ።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። "እንያዝላቸው" የሚል ነው የወጣኝ፤ ከዚያ ባቡሩ ወደቀ።